«የውሰት አንባቢዎች» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ስለ አሮጌ መጽሐፍና ስለ አንባቢ ነው። ጸሐፊው አንድን ያገለገለ ልብ ወለድ እየተቀባበሉ የሚያነቡ፣ አንብበው ሲጨርሱም ተሰብስበው የሚያወሩበትን ሰዎች «የውሰት አንባቢዎች» ይሏቸዋል። አምስት ክስ አላቸው። አንድ ቅጂ ለብዙ ሰው ሲዞር ደራሲው እንጀራውን ያጣል። መጽሐፍ መዋዋስና ፒዲኤፍ በቴሌግራም መላላክ አንድ ነው። ያገለገለ መጽሐፍ የሰው ጽሕፈት ስለሞላበት ቀጣዩን አንባቢ ያበላሻል። የተራ አንባቢ አስተያየት «ደስ ይላል»ና «አይመችም» ከማለት ስለማያልፍ ሂስ ለሐያሲ ይተው። የድሮውን ደጋግመን ስናነብ ደግሞ የዛሬዎቹ ደራሲዎች ይረሳሉ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ለደራሲ ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል፤ ያንን አከብራለሁ። ግን ያወሩት ስለ እኔና ስለ ጎረቤቶቼ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አምና ክረምት ሲገባ ለገሃር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ150 ብር ገዛሁ። አንብቤው ነበር፤ የራሴን ቅጂ ግን አንዱ ወስዶ አልመለሰልኝም። ገዝቼ ስገባ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደጃፍ ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ አየችውና «ካነበብሽው በኋላ ታውሽኛለሽ?» አለችኝ። «ቀድመሽ ውሰጂው» አልኳት። እንዲህ ነው የተጀመረው። ከእሷ ወደ ራይድ ሹፌሩ ሄደ። ከእሱ ከላይኛው ፎቅ ወዳለችው ነርስ፣ ከዚያ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወደወጡት ጋሼ፣ ከዚያ ወደ እትዬ፣ ከእትዬ ወደ ልጅ ልጃቸው፣ በመጨረሻ ወደ እኔ። ሰባት ሰው። ከመጽሐፉ ጋር አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አብሮ ይዞር ነበር። ያነበበ ሁሉ የተሰማውን ይጽፍበታል። እሁድ ከሰዓት ቡናው ጋ እንሰበሰባለን።

አሁን ወደ ክሶቹ ልምጣ።

«ደራሲው እንጀራውን ያጣል» የሚለው ከሁሉም የከበደ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልሰው። የጸሐፊው ሂሳብ ቀላል ነው። ሰባት ሰው አንድ ቅጂ ካነበበ ስድስት ቅጂ ሳይሸጥ ቀርቷል ይላሉ። ይህ ሂሳብ የሚሠራው ሰባታችንም ብር ቆጥረን መጽሐፍ መደብር ደጃፍ ቆመን ከነበረ ነው። አልነበርንም። ቡና የምታፈላው ልጅ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ በቀር እስከ መጨረሻው ያነበበችው አልነበረም። ሹፌሩ ስለ መጽሐፉ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው። እትዬ መጽሐፍ ከገዙ ስንት ዓመታቸው። ባለፈው ወር አንድ አዲስ ልብ ወለድ ዋጋ ብጠይቅ 500 ብር ተባልኩ። የቀን ገቢዋ ከስኳርና ከከሰል ላይ የሚተርፍ ሴት በዚህ ዋጋ አትገዛም። መጽሐፉ በውሰት ባይደርሳት ኖሮ ሳታነበው ትቀራለች፤ ለደራሲም ለአሳታሚም የሚደርስ ሳንቲም የለም።

የሆነውን ደግሞ ልንገራቸው። ዙሩ ሳያልቅ ሁለት አዲስ ቅጂ ተገዝቷል። አንዱን ነርሷ ገዝታ ጅዳ ለምትሠራው እህቷ በሰው እጅ ላከችላት። ሌላውን ጋሼ ለልጃቸው ልጅ ገዙ። ሁለቱም የገዙት በውሰት ካነበቡ በኋላ ነው።

እኔ ራሴ አንባቢ የሆንኩት በውሰትና በኪራይ ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበረ። መያዣ ታስይዛለህ፣ በቀን ስሙኒ ትከፍላለህ። ስሙኒዋ እንዳትበዛ አንድ ልብ ወለድ በሁለት ሌሊት በኩራዝ እጨርስ ነበር። ዛሬ በወር ቢያንስ አንድ መጽሐፍ በሙሉ ዋጋ እገዛለሁ። ያ የኪራይ ሱቅ ባይኖር ይህች ገዢ አትኖርም ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቀበል። ማከራየት ንግድ ነው። ከዚያ ገቢ ለደራሲ ድርሻ ይገባዋል ቢሉኝ አልከራከርም። ጎረቤት ለጎረቤት ማዋስ ግን ሌላ ነው።

ስለዚሁ መጽሐፍ ደግሞ ጸሐፊው ማስታወስ የነበረባቸው ነገር አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ቤት በሰፊው የገባው ግን በሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ከአንድ ቅጂ ላይ እያነበበ ለአገር ሁሉ ተረከው። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች የመጽሐፉን ፍቅረኞች ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን፣ ጉዱ ካሣንም እንደ ዘመድ አወቋቸው። እትዬ ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ። ሬዲዮ ያለው አንድ ጎረቤት ብቻ ስለነበር ሰው በር ላይ እስኪቆም ድረስ ቤቱ ይሞላ ነበር ይላሉ። በጸሐፊው ሂሳብ ከሄድን ይህ ትረካ መጽሐፉን መግደል ነበረበት። አልገደለውም። ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ታትሟል፤ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ሰው በጆሮው የወደደውን በእጁ ሊይዘው ፈለገ።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ደግሞ ያስቡት። በ1975 ዓ.ም. ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያኔ መጽሐፉን ማን አቆየው? መደብር ውስጥ የለም። ቤቱ ደብቆ ያስቀመጠ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለሚያምነው ጓደኛው ያዋሰ፣ «ነገ ማታ መልስልኝ» ብሎ የሰጠ አንባቢ ነው ያቆየው። መንግሥት ተለውጦ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም አንባቢው ስሙን አልረሳም ነበር። አንድ ልብ ወለድ በአንባቢ እጅ ብቻ ዓመታት ሊሻገር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ደራሲዎቻችን እየተጎዱ ነው የሚለው ግን እውነት ነው። ብዙዎቹ በራሳቸው ብር፣ አንዳንዴም በብድር ያሳትማሉ። የወረቀት ዋጋ ጣራ ነክቷል። አከፋፋዩና ሻጩ ከዋጋው ላይ ወፍራም ድርሻ ይወስዳሉ፤ የተሸጠው ብር ተሰብስቦ ደራሲው እጅ እስኪገባም ወራት ይፈጃል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር አንድ ልብ ወለድ በሦስት ሺህ፣ በአምስት ሺህ ቅጂ ይታተማል። ያም ሳያልቅ ይቆያል። ይህን ቁጥር አይቶ «አንባቢው እየተዋዋሰ አስቸገረ» ማለት እንዴት ይቻላል? እኛ የቸገረን የአንባቢ ማነስ ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ደግሞ የመጽሐፍ መደብር የሌለው ከተማ ሞልቷል። እዚያ መጽሐፍ የሚደርሰው በሻንጣ፣ በሰው እጅ ነው።

ለደራሲ ማሰብ ካስፈለገ ሌሎች የሄዱበት መንገድ አለ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ መጽሐፋቸው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሚነበብ ደራሲዎች መንግሥት እንዲከፍል አደረገች። እንግሊዝም በ1979 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች። እነዚህ አገሮች ውሰትን አልከለከሉም። ውሰቱ እንዲበዛ፣ ደራሲውም እንዲጠቀም ነው ያደረጉት። ጸሐፊው በዚያ ብዕራቸው ይህን ቢጠይቁ እኔ መጀመሪያ እፈርምላቸዋለሁ።

ስለ ፒዲኤፉ። ማዋስና ማባዛት አንድ አይደለም። እኔ መጽሐፌን ለነርሷ ስሰጥ እኔ ጋ የለም። እሷ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። አንዱ መጽሐፍ አንድ ሆኖ ይቀራል። ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የለቀቀ ሰው ግን በአንድ ሌሊት ሃያ ሺህ ቅጂ ሊያደርገው ይችላል፤ የራሱም ከእጁ አልወጣም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እያለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የእሳቸው መጽሐፍ ዛሬም ባለቤት አለው። እኛ ቡድን ውስጥም ይህ ነገር ተነስቷል። ሹፌሩ ተራው እስኪደርስ ቸኩሎ ፒዲኤፉን አገኘሁት ብሎ መጣ። ጋሼ «ጠብቅ ልጄ፣ ከነርሷ ቀጥሎ ትወስዳለህ» አሉት። በኋላ ነርሷ ራሷ ተራዋን ለቀቀችለትና ቀድሟት አነበበ። ጸሐፊው ይህን ልዩነት አጥፍተው ሌባውንና አዋሹን አንድ ላይ ሲከሱ ሌባው ነው የሚደሰተው።

ሦስተኛው ክስ ላይ በግማሽ እስማማለሁ። አሮጌ መጽሐፍ ላይ የሚያናድድ ነገር አይጠፋም። በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት፣ የወጥ ጠብታ ያረፈበት አለ። የመጨረሻውን ነገር ገጽ 20 ላይ ጽፎ የሚሄድ ሰው ደግሞ በእውነት በደለኛ ነው።

ግን እጄ ላይ ስላለው ቅጂ ልንገራችሁ። በካኪ ወረቀት ተለብዷል። ጀርባው በፕላስተር ተይዟል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለጠፉ ስንተኛው እትም እንደሆነ አይታወቅም። የኋላው ሽፋን ውስጥ «ለእህቴ፣ ጥምቀት 1981» የሚል አለ፤ ስም የለውም። መሃል ላይ ደግሞ ሁለት ቅጠል ተቀዶ ወጥቷል። የቀደደው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ የመጣ አንድ አንባቢ ግን ሌላ ቅጂ ፈልጎ፣ የጎደሉትን አራት ገጾች በደብተር ወረቀት ላይ በእጁ ገልብጦ፣ በልኩ ቆርጦ ለጥፎባቸዋል። ጽሕፈቱ ደቃቅ ነው። አንድ ነጥብ አልዘለለም። መስመሩ እንኳ የሚያልቀው የታተመው ገጽ በሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ቀጣዩ ገጽ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ይህ ሰው ለራሱ ብቻ ቢሆን ከሌላው ቅጂ አንብቦ መተው ይችል ነበር። የጻፈው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው፣ ለማያውቀው ሰው ነው። ቡና የምታፈላው ልጅ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን በጽሕፈቱ ላይ እያስኬደች ነው ያነበበችው። «የሰው ጽሕፈት አንባቢን ያበላሻል» ለሚሉት እነዚህን አራት ገጾች ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደሚያመኝ ነጥብ ደረስኩ። «የተራ አንባቢ አስተያየት ከደስ ይላል አያልፍም» ይላሉ። ደብተራችንን ቢያዩት እንዲህ አይሉም ነበር።

ነርሷ የጻፈችው አንድ መስመር ነው። «የሰብለን አባት እኛ ቤት አውቃቸዋለሁ።» ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለጠየቃት ሁሉ ዘሩ አይመጥነንም እያሉ ዕድሜዋን ያሳለፉባት አባት ናቸው። ነርሷ ሠላሳ ሊሞላት ነው። አባቷ ሁለት ሰው መልሰዋል። ይህን እሁድ ቡና ላይ ነው የነገረችን፤ ጎረቤት ሆነን ስንኖር አናውቅም ነበር። ስለ ዘርና ስለ ጋብቻ ብዙ የተማረ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ያችን አንድ መስመር የሚያህል አላጋጠመኝም።

እትዬ ጎጃም ነው ያደጉት። በዛብህን ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንዲኖርላቸው ብለው ለቤተ ክርስቲያን በብፅዓት መስጠታቸውን ሁላችንም ነቀፍን። ልጁ ሳይጠየቅ ዕድሜውን ሙሉ የሚያስረው ቃል ገቡበት አልን። ልጅ ልጃቸው ይህንኑ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እትዬ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ» አሉ። «ሦስተኛው ሲያተኩሰው ያልተሳልኩት ስለት የለም። እሱ አባትህ ነው።» ልጁ አያቱን ቀና ብሎ አየ። ደብተሩን ወሰደና የጻፈውን ሳይሰርዝ ከሥሩ ጨመረበት፦ «ቃሉ ስህተት ነው፤ ውድነሽን ግን አልፈርድባትም።» አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሁለት እውነት አንድ ላይ መያዝ ቻለ። ሐያሲ ከልብ ወለድ አንባቢ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

የሹፌሩና የጋሼ ክርክር ደግሞ ሦስት እሁድ ወሰደ። ጋሼ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያስተምሩ የመጽሐፉ ትልቁ ሰው ጉዱ ካሣ ነው ብለው ነው ያስተማሩት። ዘመኑን ቀድሞ ያየ፣ እውነቱን በአደባባይ የተናገረ፣ ስለዚህም እብድ የተባለ። ሹፌሩ አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ካወቀ ምን አደረገ? ተናገረ። ፊታውራሪ ላይ የተነሱት እኮ ገበሬዎቹ ናቸው። አበጀ በለው ነው የመራቸው። መጽሐፍ አላነበቡም፣ አልተፈላሰፉም፤ በቃን አሉ» አለ። ጋሼ ወዲያው ልጁን ሊያርሙት ነበር፤ አስተማሪ ናቸውና። ጀመሩና አቆሙ። «መጽሐፉን እስቲ መልሱልኝ» አሉ። ተራው የእትዬ ነበር፤ እትዬም ለቀቁላቸው። ጋሼ ሳምንት ሙሉ ይዘውት ቆዩ። ሲመለሱ ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ተኩል ሞልተው ነው የመጡት። ጉዱ ካሣን አልጣሉትም። ሰብለና በዛብህ ብቻቸውን በቀሩ ጊዜ ከጎናቸው የቆመው እሱ ነው፣ ይህም ሥራ ነው ይላሉ። ግን እንዲህ ብለው ጨረሱ፦ «ገበሬዎቹን ለተማሪዎቼ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የማልፋቸው። ልጁ ትክክል ነው።»

እኚህ ሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን አስተምረዋል። ንባባቸውን ያስተካከለላቸው በውሰት ያነበበ ሹፌር ነው። ሐያሲ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያስፈልገናል፤ ያሉንም ጥቂት ናቸው። ሐያሲው የማያገኘው ግን አለ። ሹፌሩ ሌሊት ሰው እያመላለሰ ያሰበውን፣ እትዬ ከሁለት መቃብር ይዘው የመጡትን ሐያሲው ከየት ያመጣዋል? ሂስ ሥር የሚይዘው እንዲህ ያለ ወሬ ባለበት ቤት ነው። ደግሞም ያ «ደስ ይላል» የሚባለው ቃል ራሱ ለምን ይናቃል? ቡና የምታፈላው ልጅ የመጀመሪያ ቀን ደብተሩ ላይ የጻፈችው እሱን ብቻ ነበር። በሦስተኛው እሁድ በዛብህ የሰብለን አገር ዲማን ጥሎ መሸሹ ፍርሃት ነው ወይስ ሰብለን ከጉድ ለማዳን ነው ብላ ከሹፌሩ ጋር ስትሟገት ቡናው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።

የድሮውን ስናነብ የዛሬው ይረሳል ስላሉት ብዙ አልልም። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው መጽሐፍ ለእሱ አዲስ ነው። ያ ሰው ቀጥሎ ሌላ ይፈልጋል። እኛም ፈለግን። ሰባታችን 100፣ 100 ብር አዋጥተን የአንድ ወጣት ደራሲ የመጀመሪያ ልብ ወለድ በሙሉ ዋጋ ገዛን። የተረፈውን ብር ለሚቀጥለው አስቀመጥነው።

አዲሱ መጽሐፍ አሁን ሹፌሩ ጋ ነው። መኪናው ውስጥ እንዳይቆሽሽበት በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚይዘው። አሮጌው ደግሞ እኔ ጋ አለ። ደብተሩ ላይ አሥራ ሁለት ባዶ ሉክ ቀርቷል። ጸሐፊው አዲስ አበባ ካሉ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡናው ጋ ይምጡ። መጽሐፉን አውሳቸዋለሁ። ሲመልሱ ያልተስማሙበትን ሁሉ ደብተሩ ላይ ይጻፉልን፤ እትዬም ጋሼም ያነቡታል።